ቆቧን አልጥል ያለች ቅል

ግንቦት 12፣ ጠዋት 1 ሰ.

የእማሆይ ግፊት ተለካ። ደህና ነው፤ ከእኔ ይሻላል። ቁርስ አጥሚት፤ ግማሹን ተዉት። ጉልበታቸውን አሸሁ። ካልሲ አጠለቅሁላቸው። ራሴ እችላለሁ አሉ። ሰማሁ፣ ግን አጠለቅሁ።

ከዚያ ወደ ጓሮ፣ ጎኑ የተቆረጠው የዘይት ጀሪካን ጋ። እሰይ! አንዷ ወጥታለች! ነጭ አንገቷን ቆልመም አድርጋ ብቅ ብላለች። ራሷ ላይ ግን የፍሬዋን ቅርፊት እንደደፋች ነው። ቅጠሎቿ ውስጡ ተቆልፎባቸዋል። ግድ የለም፤ እስከ ማታ ትጥለዋለች።

አጀንዳዬ፣ አሮጌው ሞልቶ አንተን ከጀመርኩ ገና ሳምንት አልሞላኝምና ላስረዳህ። እማሆይ እናቴ ናቸው። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ እዚህ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ናቸው። አገራቸው ከአንበሳሜ ወረድ ብሎ ነው። ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ በዐቢይ ጾም ቤ/ክ ደጃፍ ላይ ወደቁና ሄጄ አመጣኋቸው። መጡ እንጂ አልተቀመጡም። ጠዋት መቼ ነው የምትሸኚኝ፣ ማታ መቼ ነው የምትሸኚኝ።

ይዘውት የመጡት ጥቅል ሲፈታ በጨርቅ የተቋጠረ የቅል ፍሬ ወጣ። ሰባት ፍሬ። ከእናታቸው፣ ከእናታቸውም እናት የወረደ ዘር ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ወተት የሚገፉበት ቅል። አሁን ሰው ሁሉ በፕላስቲክ ነው የሚገፋው፤ በአገራቸው ይህን የሚዘራ አልቀረም። ያለው ይኸው ነው።

እና ጎረቤቴ የሻረግ ባለችበት ቃል ሰጡኝ። ከሰባቱ አንዷ እንኳ ቅጠል ካበጀች፣ ዘሬን የተቀበለ አፈር እኔንም ይቀበለኛል፣ ካንቺ አልለይም አሉ። አንዷም ካላበጀች ግን ሳታለቃቅሺ ትሸኚኛለሽ። በኪዳነ ምሕረት ብለው።

እሺ አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳዋልድ የኖርኩ ሴት ሰባት ቅል ያቅተኛል?

ግንቦት 13፣ ማታ

ሦስት ተጨመሩ። አራት ሆኑ። አራቱም ቅርፊታቸውን እንደደፉ ናቸው። የትናንቷም አልጣለችም። ተሰልፈው ሲታዩ መነኮሳት ይመስላሉ።

እነዚህ ደግሞ ቆባቸውን አልጥል አሉ ብዬ ለራሴ ስናገር እማሆይ በመስኮት ሰሙ። ቆጣ አሉ። ቆብ አይጣልም፣ ቆቡን የጣለ የከዳ ነው፤ ቅርፊት በይው አሉ። እሺ፣ ቅርፊት። (ላንተ ብቻ ግን ቆብ ነው።)

ቀጥለው ምን ያህል አፈር አለበስሻቸው ብለው ጠየቁኝ። በጥፍሬ ጫፍ አሳየኋቸው። ትንሽ ነው፣ እንዳይከብዳቸው ብዬ፣ በወንፊት የተነፋ አፈር ከላይ ነስነስ አድርጌ ነው አልኩ። ኮራ ብዬ ነበር የተናገርኩት።

ጥፍሬን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ፦ እንዳይከብዳቸው! ልጄ፣ ቅርፊቱን የሚያስወልቃት አፈሩ እኮ ነው። እሷ ገፍታ ስትወጣ አፈሩ ቅርፊቱን ይዞ ያስቀርላታል። ካልከበዳት በምን ታወልቀው? ቅል በጎኑ ተጋድሞ፣ ሁለት ጣት ሙሉ ተቀብሮ ነው።

ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም አልኩ። መቼ አስጠጋሽኝ አሉ።

እውነት ነው። የዘራሁ ለት ብርድ ነበር። ጉልበትዎ ብዬ ከአልጋ አላስወረድኳቸውም። የገዛ ዘራቸው ሲዘራ በመስኮት ነው ያዩት።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ እንጃ። ልተኛ።

ግንቦት 14፣ 5 ሰ.

ዛሬም አልጣሉም። እንግዲህ ጣልቃ መግባት ነው። የቁስል መቆንጠጫዬ፣ ፒንሴቱ፣ በአልኮል ተጠርጓል። እጅ ታጥቧል። መነጽር አለ። ፀሐይዋ ጥሩ። የመጀመሪያዋን መረጥኩ፤ ብዙ የቆየችው እሷ ናት።

በግራ እጄ አንገቷን ደገፍኩ። በቀኝ የቅርፊቱን ጫፍ ያዝኩ። ቀስ። ቀስ። ላላ ያለ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ሳብ አደረግሁ።

ቀጭ።

ቅርፊቱ ወጣ። ቅጠሎቹም አብረው። አፈሩ ላይ ባዶ አንገት ቆሟል። አበስኩ ገበርኩ!

ከሰዓት 9 ሰ.

ለእማሆይ ነገርኳቸው። ፒንሴቱን አዩ፣ አንገቷን አዩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። እሱ ይሁን። ግን ጨመሩ፤ ስንቱን ልጅ እንዲህ አድርገሽ አዋለድሽው አሉኝ።

ይህን ለእኔ! አንድ ሕፃን ጎትቼ አላውቅም። ወላዲቱ ስትጮህ፣ ባሏ በር ሲደበድብ፣ አማቷ ምን ትጠብቂያለሽ ስትለኝ እጄን አጣጥፌ ጊዜውን የምጠብቅ ሴት ነበርኩ። ሐኪሞቹ እንኳ ሲስተር ውዴ ካለች ግድ የለም፣ አትደነግጥም ይሉ ነበር። ነጠላዬን አንስቼ ሽንኩርት ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ሽንኩርት ቤት ሞልቶ።

ግንቦት 16፣ ኪዳነ ምሕረት

እማሆይ ቤ/ክ ሄዱ። በእግሬ አሉ፤ በባጃጅ ሰደድኳቸው። ሹፌሩን በር ድረስ ይዘሃቸው ግባ አልኩት። ልጅ ነኝ እንዴ ሲሉ ባጃጁ ተነሳ።

የሻረግ መጣች። ስለ የሻረግ ማወቅ ያለብህ ቅቤ ነጋዴ መሆኗን ነው። ለራስ ምታት ቅቤ፣ ለብርድ ቅቤ። ለእማሆይ ጉልበት ደግሞ ወንዛዬ ወርደው ፍል ውኃ ይግቡ፣ ሲወጡ በቅቤ ይታሹ። ሃምሳው ስላልወጣ ጾም የለም፤ ገበያዋ ደርቷል፤ እሷም እንደ ቅቤዋ ወዝታለች።

ሦስቱን ባለቆቦች ጎንበስ ብላ አየቻቸው። በሞቴ እትዬ ውዴ፣ የአራስ ልጅ ርግብግቢት በምንድን ነው የሚለሰልሰው? አለች። ቅቤ አናት ላይ አታድርጉ እያልኩ አራስ ስቆጣ የኖርኩት እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ምን ይታወቃል? ሌላ ምን ቀርቶኛል?

በትንሿ ጣታችን ለጋ ቅቤ፣ በየራሳቸው ላይ። አብረቀረቁ። የሻረግ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኳት። በሳቅ ሞትን። ከሳቃችን በኋላ ሳየው ቅርፊቱ እውነትም ወዝቷል። ነገ ሾልኮ ይወድቃል።

ግንቦት 17፣ ንጋት

አይጥ።

ሦስቱንም። ከነቅቤያቸው፣ ከነቆባቸው። ጉቷቸው ብቻ ቀርቷል።

ጩኸቴን ሰምተው እማሆይ በዱላቸው ወጡ። አዩ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ቅቤ ነው እንዴ የሚሸተኝ? አሉ። ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ቀጥለው እኔ ቅል ቅቤ ስትሰጥ እንጂ ቅቤ ስትቀባ አይቼ አላውቅም አሉና ሳቁ። ዱላቸው ወደቀ። ግድግዳ ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ትናንት ለአይጧ ፋሲካዋ ነበር አሉ። ከመጡ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። እኔም ሳቄ መጣ። ኋላ የቀረውን ሳስብ ሳቄ ቆመ።

ማታ

የቀሩትን ሦስት ፍሬዎች ቆፍሬ አየሁ። ሁለቱ በስብሰዋል። ውኃ አበዛሁ፤ ጠዋትም ማታም ነበር የማጠጣው። ሦስተኛዋ ደህና ናት፤ ነጭ ሥሯ ጫፉ ብቻ ወጣ ብሏል። እማሆይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው አዘዙኝ። በጎኗ አጋድሚያት። ሁለት ጣት። ጫን አድርጊው። እንዲህ? ጨምሪ። ካሁን ወዲያ ደግሞ አትጎብኛት፤ ዘር አይጎበኝም አሉ።

አንድ ቀረች።

ስገባ ጥቅላቸውን አልጋቸው ግርጌ አየሁት። ተጠቅልሎ ታስሯል። ለየሻረግም የአንበሳሜ መንገድ ሰላም ነው ወይ ብለዋታል።

ፈራሁ። በግልጽ ልጻፈው፤ እንዲሄዱ አልፈልግም። ልጄ ባሕር ዳር ነው፣ ሥራ ላይ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዚህ ቤት ከሬዲዮ በቀር የሚናገር አልነበረም። አሁን ማለዳ የዳዊት ድምፅ እሰማለሁ። የሚቆጣኝ ሰው አለኝ። በስልሳ ዓመቴ አንቺ ልጅ የሚለኝ ሰው አለኝ።

ግንቦት 18

የሻረግ በአይጡ ነገር አፍራ መጣች። ቅቤ ሳትይዝ! ከገበያ ሌላ የቅል ፍሬ ልግዛልሽና ቅበሪበት፣ ማን ያውቃል አለች። እኔ አውቃለሁ አልኳት። እሳቸውም ያውቃሉ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ ቅልና ቅልም እንደዚያው ነው። ደግሞ በኪዳነ ምሕረት የተባለ ነገር ነው። ተይው እቴ።

የአይጥ ወጥመድ ግን ከእሷ ተቀበልኩ። ማጥመጃው ቅቤ ነው። ይበላት!

ግንቦት 21፣ ማርያም

ወጣች!

ቆቧን ደፍታ ወጣች። ሁለት ጣት ቀብረናትም። አንዴ ቆፍሬ ስላወጣኋት አፈሩ ላልቶ ይሆናል። ወይ ደግሞ ግትር ናት፤ ዘሯን ሳይ አይገርመኝም።

ፒንሴቱን ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀልኩት። ወንበር ካልወጣሁ አልደርስበትም።

ግንቦት 22፣ ንጋት 12 ሰ.

የእማሆይ አልጋ ባዶ። ሄደዋል ብዬ በባዶ እግሬ ወደ በር ሮጥኩ። በሩ እንደተቀረቀረ ነው። ወደ ጓሮ ዞርኩ።

እማሆይ በጉልበታቸው! እርጥብ መሬት ላይ! ያንን ጉልበት! ጎንበስ ብለው እንትፍ እንትፍ እያሉ ቅሏን ይመርቋታል።

ምን ሆነው ነው ብዬ ጮህኩ። ዞር አሉና ቀስ በይ፣ ታስደነግጫታለሽ አሉኝ። ለእኔ ድንጋጤ አይደለም፣ ለቅሏ ነው የታሰበው።

የጧት ምራቅ ነው አሉ፤ አፍ ሳይሟሽ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀመስ። እናታቸው ቆቡን ያልጣለ (እሳቸው ቅርፊቱን አሉ) ቅል ሲገጥማቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር። ምራቁ ያለሰልሳል፣ ምርቃቱ ያጸናል። ከዚያ እርጥበቱ እንዳይሸሽ ጣሳ ይደፋባታል። ከዚያስ? አልኩ። ከዚያ መተው ነው አሉ። መተው ነው፤ ሌላ የለውም።

ቆሜ አሰብኩ። ንጽሕና ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ምራቅ ሲባል ቆዳዬ ይኮማተራል። ግን እኮ ቅርፊቱን የሚያጣብቀው ድርቀት ነው። እርጥበት ነው የጎደላት። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ ነው? የደረቀ ፋሻ ከቁስል ላይ ሲነሣ ስንት ጊዜ በውኃ አርሻለሁ!

ላነሣቸው ብብታቸው ሥር እጄን ስሰድ ተዪኝ አሉ። ዱላቸውን ተከሉ። ጉልበታቸው ቋ አለ። ዕረፍት አደረጉ። እንደገና። ቆሜ አየሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አያሳይህ። ግን ተነሡ። ራሳቸው ተነሥተው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ አጥሚት አለ ወይ አሉ። ሙሉውን ጠጡት።

ግንቦት 24

አልጣለችም። ጠዋት እንትፍ፣ ጣሳ። ቀን ላይ ጣሳው ይነሣል፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ተመልሶ ይደፋል። ቅርፊቱ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ፀጉር የሚያህል። በስንጥቁ ውስጥ አረንጓዴ ይታያል።

እጄን በላኝ። እውነቴን ነው፣ ጣቶቼ ይበሉኛል። በጥፍሬ ነካ ባደርገው ይወድቃል ይላል ውስጤ። ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በመጨረሻ እጄን መቀመጫዬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። እማሆይ አዩኝና ምጥ የያዘው አንቺን ነው አሉ።

ነው። ለሌላው ምጥ ትዕግሥት ነበረኝ፤ የሰው ነው። ይህ የእኔ ነው። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው የእናቴ መቅረት ነው። ለዚህ ነው ያችን የመጀመሪያዋን የቀጨኋት። አሁን ገባኝ፤ ብዙም አላስደሰተኝም።

ግንቦት 26

ጠዋት ጣሳውን እማሆይ አነሡት። ቅርፊቱ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል። አንደኛው ቅጠል ወጥቷል! ጫፉ ተጨማድዷል፣ ግን አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ገና እንደተያዘ ነው።

ማናችንም ቁርስ አልበላንም። ወንበር አወጣን። የሻረግ መጣች፤ ገበያዋን ትታ፣ ቆማ ቀረች። ፀሐይ ሞቀች። ቅሏ ትንሽ ቀና አለች። ሁለተኛው ቅጠል ሰፋ ሰፋ እያለ ቅርፊቱን ወደ ጫፉ ገፋው። ቅርፊቱ በጫፉ ተንጠለጠለ። ዝንብ መጣችና አረፈችበት።

ወደቀ።

ዝንቧን ይባርካት! የሻረግ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ጎረቤቱ ልጅ የተወለደ መስሎት በር አንኳኳ። እኔ አለቀስኩ። ለምን እንደማፍርበት አላውቅም፣ አለቀስኩ። እማሆይ ግን በቀስታ ጎንበስ ብለው ቅርፊቱን አነሡ፣ አቧራውን እፍ አሉና መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቃሌ ቃሌ ነው፣ ካንቺ አልለይም አሉ። ገብተው ጥቅላቸውን ፈቱ። ትርፍ ቀሚሳቸውን ሚስማሬ ላይ ሲሰቅሉ አየሁ።

ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል። የዛሬው ይኸው ነው።

ሰኔ 1

ቅሏ ሦስተኛ ቅጠል አወጣች። ይኸኛው እውነተኛው ቅጠል ነው፤ ጠጉራም፣ ሲዳስሱት ለስላሳ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደተጨማደዱ ናቸው፤ አይጎዳትም።

እማሆይ ደህና ናቸው። ግፊት ጥሩ። አጥሚቱን ይጠጣሉ። ካልሲ ሳጠልቅላቸው እግራቸውን ይዘረጉልኛል። እዚህ ጥላው ላይ ይቀመጡ ስል እሺ ይላሉ። ዛሬ አይውጡ ስል እሺ።

ምን ቅር እንዳለኝ ቆይቶ ነው የገባኝ። አልተቆጡኝም። ቅሏ ቅርፊቷን ከጣለች ወዲህ አንዴም አልተቆጡኝም።

ሰኔ 3

ጾሙ ገባ። የሻረግ ለቅቤዋ አዝናለች።

ከሰዓት ስልክ ተደወለ፤ የአገራቸው ጎረቤት አያ ሙጬ ነው። እማሆይ በጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት፤ ሳልፈልግ ሰማሁ። ዝናቡ ጥሏል ወይ። አጥሬን ከብት አልሰበረውም ወይ። ደጃፌ ላይ ያለው ግራርሳ። የማርያም ማኅበር በማን ቤት ዋለ። ሁሉንም ጠየቁ። ከዚያ እሱ እንዴት ነዎት ብሏቸው መሰለኝ፦ ምን እሆናለሁ፣ ተቀምጫለሁ። ልጄ እንደ ዕንቁላል ነው የያዘችኝ። ቅል ባገሩ ደንጊያ ይሰብራል፣ እዚህ ግን የምሰብረውም የለኝ አሉና ሳቁ።

ስልኩን ሲመልሱልኝ ዐይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። ከዚያ እስኪመሽ በር ላይ ተቀምጠው ባጃጅ ሲያልፍ አዩ።

ሰኔ 6፣ ማታ

ዝናብ። ትልቅ ዝናብ፣ ቆርቆሮው እስኪያደነቁር። ጀሪካኑን ወደ በረንዳ አስገባሁ። ቅሏ የመጀመሪያ እጇን ዘርግታለች፤ ቀጭን፣ ጫፉ የተጠቀለለ፣ የምትይዘው ነገር የምትፈልግ። ግቢውን ዞሬ አየሁ። ሲሚንቶ። ሲሚንቶ። አጥሩ ቆርቆሮ፤ ፀሐይ ስትወጣ ያቃጥላል፣ ያን ለጋ እጅ ይጠብሰዋል። ሥር የምትሰድበት አንድ ክንድ አፈር የለኝም። ይህን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም፤ የምፈልገው ቅጠል እንድታበጅ ብቻ ነበር።

እማሆይን የት ብንተክላት ይሻላል አልኳቸው። በረንዳው ላይ በሲባጎ ማሰር ይቻል ይሆን?

አንቺ እንዳልሽ አሉ።

አንቺ እንዳልሽ! እማሆይ! ሁለት ጣት ቅበሪ፣ ጫን አድርጊ፣ ዘር አይጎበኝም ያሉኝ ሴት! ቅል በበረንዳ ላይ በሲባጎ ታስሮ ወተት መግፊያ እንደማይሆን እኔ እንኳ አውቃለሁ። እሳቸው ደግሞ ያውቃሉ። ያውቃሉ፣ ግን ቃል ሰጥተዋል፤ ቃላቸውን ጠብቀው ከእኔ ዘንድ ይደርቃሉ።

ማድቤት ገባሁ። ሽንኩርት ከተፍኩ። ለማልቀሻ ጥሩ ነው።

ተመልሼ ወጣሁና በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። እማሆይ፣ ካንቺ አልለይም ነው ያሉት። ጥሩ። አይለዩኝም። እኔ ነኝ የምመጣው። ክረምቱን አገርዎ፣ እርስዎ ቤት። ጡረታዬ የትም ይከተለኛል። ይህን ግቢ የሻረግ ትጠብቀዋለች። ቅሏን በአጥርዎ ሥር እንተክላታለን፤ ከዚያ ደግሞ እናያለን።

ዝናቡ እየጮኸ ነው። የሰሙኝ አልመሰለኝም። ወደ እኔ ዞር ብለው፦ ቤቴ ቁንጫ አለበት አሉ። እችለዋለሁ አልኩ። ጣራው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። ባልዲ እይዛለሁ። መጸዳጃው ሩቅ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይጮሃል። ይጩህ አልኩ። በማለዳ ነው የምትነሺው፣ እንደዚህ እስከ አንድ ሰዓት መተኛት የለም። እሺ። ደግሞ በእኔ ቤት አዛዧ እኔ ነኝ!

ተቆጡኝ። አጀንዳዬ፣ ተቆጡኝ! እሺ እማሆይ አልኩና ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። ወዲያ በይ፣ ሽንኩርት ትሸቻለሽ አሉ።

ሰኔ 8፣ ንጋት 11 ሰ. ከግማሽ

መንገዱ ሰላም ነው ብለዋል። ባጃጁ 12 ሰ. ይመጣል፣ ከዚያ መናኸሪያ። ቁልፉ ለየሻረግ ተሰጥቷል። ለመንገድ ብላ ቅቤ ልትቋጥርልኝ ነበር፤ ጾም መሆኑን ሳስታውሳት በራሷ ሳቀች። ነሐሴም ጾም ነው አልኳት፣ ለመስከረም አስቀምጪልኝ።

የግፊት መለኪያው ይሄዳል። ፒንሴቱ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይቀራል።

የተወሰነ፦ ጉድጓዱን እማሆይ ይቆፍራሉ። ቅሏን እሳቸው ይተክላሉ። ተንበርክከው ከሆነም ተንበርክከው። ካልጠሩኝ በቀር አልጠጋም። ጻፍኩት፤ አንተ ምስክር ነህ።

እሳቸው ሌሊቱን አልተኙም መሰለኝ። ይኸው በር ላይ ናቸው፤ ጥቅላቸው ታስሯል፣ ጀሪካኑን ታቅፈዋል፣ አንቺ ልጅ እያሉ ይጣራሉ። ካልሲያቸውን ራሳቸው አጥልቀዋል። የግራው ተገልብጧል።

አየሁት። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።